የወይራው ጅማት

ብዕር ሠሪው ከማሽኑ እግር ሥር፣ በገዛ ሽርጡ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ሽርጡ ስላጠረ ጫማዎቹ ውጭ ቀርተዋል፤ ዛሬ ጠዋት የተቦረሹ ቡናማ ጫማዎች ናቸው። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያየችው እነሱን ነው። አንዲት የእንጨት ፍቅፋቂ እንኳ አልነካቻቸውም።

«አልቋል እኮ» አላት አሥር አለቃው፣ ፋይሉን በሁለት እጁ እየዘረጋ። «የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። ሰውየው አምኗል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ፍርድ ቤት ያደርሰዋል።»

«ማነው ያመነው?»

«ሠራተኛው። ሚሊ ይሉታል። ስንደርስ ተንበርክኮ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ይላል። ከዚያ ወዲህ አፉን አልከፈተም። ውሃ ብንሰጠው አልጠጣም።»

«እንዴት እንደገደለው ነግሯችኋል?»

«እሱማ ሐኪሙ ነግሮናል።» አሥር አለቃው ወረቀት ገለጠ። «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም። ከኋላ በኩል፣ በገዛ ሻርፑ ታንቆ። ማሽኑ ይዞት ቢሆን ኖሮ ወደ አንድ ጎን ይጎትተው ነበር ይላል፤ የአንገቱ ምልክት ግን ዙሪያውን እኩል ነው። ጀርባው ላይ ጉልበት ያረፈበት ቦታ ተገኝቷል። አደጋ ለማስመሰል ነው ሻርፑ ማሽኑ ላይ የተጠመጠመው።»

«ሐኪሙ ያለውን ለሚሊ ነግራችሁታል?»

አሥር አለቃው ፈገግ አለ። «የገደለው እሱ አይደል? ምን ብለን እንነግረዋለን?»

መርማሪዋ ብዕሯን ከኪሷ አወጣችና ትንሽ አይታው መልሳ ከተተችው። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ አጠር ያለች፣ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከኋላዋ «ቀስ» ይሏታል። ስሟን ታውቀዋለች፤ አይከፋትም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መሮዎቹ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተደርድረዋል። በበሩ ጎን አንድ ባዶ ሚስማር አለ። ከመስኮቱ ሥር ቶርኖው ተቀምጧል፤ ሟቹ ከአባቱ የወረሰው፣ እንጨት እያሽከረከረ በመሮ የሚያስፍቅ ያረጀ የብረት ማሽን ነው። ፊቱ ላይ አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ ቁልፍ አለ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ተጠቅልሎ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በተዘረጋው ቀጭን ዘንግ ላይ ሁለት የወይራ ቁራጮች ተሰክተዋል፤ አንዱ የብዕሩ ላይኛው፣ ሌላው የታችኛው አካል ነው። ከአጠገባቸው ግራጫው ሻርፕ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ፣ የተቆረጠው ጫፉ ወደ ታች ወርዷል።

ጎንበስ ብላ አየች። ቁራጮቹ ሰም ተቀብተው ያበራሉ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ሣጥን ሄዳ ያለቁትን ብዕሮች አንድ በአንድ ተመለከተች። በእያንዳንዱ ላይ ጥቁሩ የእንጨት ጅማት ከላይኛው አካል ተነሥቶ፣ ከቀለበቱ ሥር አልፎ፣ በታችኛው ላይ ይቀጥላል፤ ድልድይ ሥር እንዳለፈ ወንዝ። ዘንጉ ላይ ባሉት ላይ ግን ወንዙ መሀል ላይ ተቋርጧል።

«ወለሉን ማን ጠረገው?»

«ማንም። እንዳገኘነው ነው።»

«ገመዱንስ?»

«አንዲት ነገር አልነካንም አልኩዎት እኮ» አለ አሥር አለቃው፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም በሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጧል። ብዕሮቹን የሚሸጠው እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ፀጉሩን ገና ትናንት የተስተካከለ ይመስላል፤ እጆቹም ለስላሳ ናቸው።

«ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁን ልከፍት መጣሁ» አላት። «ማሽኑ ሲጮህ ይሰማኛል። ‹ወንድም ጋሼ› ብዬ ተጣራሁ፤ ዝም። ስገባ አንገቱ ማሽኑ ላይ ተጣብቋል፣ ዘንጉ ይዞራል። ምኑን ላስብ? ቀዩን ቁልፍ በመዳፌ መታሁት፤ ቀጥ አለ። መሮ አንሥቼ ሻርፑን በጠስኩና አወረድኩት። በድን ነበር።»

«ከዚያስ? ማሽኑን፣ ገመዱን፣ ሌላ ነገር ነክተዋል?»

«ምን ልነካ እህቴ? ወንድሜን አቅፌ ተቀመጥኩ እንጂ። ሚሊ መጥቶ በጉልበቱ እስኪወድቅ ድረስ አልተነሣሁም።»

«በእሱና በወንድምዎ መሀል ጠብ ነበር?»

«ትናንት ከሰዓት ሲጯጯሁ ሰምቻለሁ። በሩ ተዘግቶ ስለነበር ምን እንደሚሉ አልለየሁም።» መሐረቡን አጣጠፈ። «ሰው ይቆጣል። ግን እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?»

«እርስዎስ ቶርኖ ይችላሉ?»

በእንባው መሀል ሳቅ አለ። «አባታችን አንድ ቀን አስነክቶኝ ነበር፤ አሥር ዓመቴ ነው። ‹ይህ ልጅ የእንጨት ዓይን የለውም› አለና ወደዚህ ሰደደኝ። አርባ ዓመት ሆነኝ ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ። ሰው ሲመጣ ‹ወንድምዎ የሠሩት የትኛው ነው?› ይለኛል፣ አሳያለሁ። ለምጄዋለሁ።»

የሟቹ ሚስት በጓሮ በኩል፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የባሏ ሸሚዝ ግማሹ ታጥቦ፣ ግማሹ በሳሙና እንደተለቀለቀ ገንዳው ውስጥ ቀርቷል። ልትጨርሰውም ልታወጣውም አልቻለችም።

«እኔንም ጻፊኝ» አለች ገና መርማሪዋ ሳትቀመጥ። «ያንን ማሽን በመጥረቢያ እከሰክሰዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰፈር ሁሉ ሰምቷል። አቧራው ሳንባውን ጨርሶት ሌሊቱን ሲስል ያድራል፤ ጠዋት ተመልሶ እዚያው ነው። ሠላሳ ዓመት ከጣውንቴ ጋር ነው የኖርኩት።»

«ዛሬ ጠዋት ማሽኑ ሲጮህ ሰምተዋል?»

«ቧንቧ ከፍቼ እያጠብኩ ነበር። አንድ ሰዓት ገደማ የውጭው በር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ሚሊ ነው አልኩ። ማሽኑን እንጃ። ይኼ ጆሮ ለምዶት፣ ቢጮህም አይሰማው።»

«ሚሊ ባለቤትዎን የሚጠላበት ምክንያት ነበረው?»

ሴትዮዋ ሸሚዙን ከውሃው አውጥታ መልሳ ከተተችው።

«ትናንት ራት ላይ ‹ቶርኖውን ለሚሊ ሰጥቼዋለሁ› አለኝ። ‹ለወንድሜ ጠዋት እነግረዋለሁ።› እኔ ደግሞ ‹ከዚህ ቤት አስወጥተህ ጣልልኝ እንጂ ለማንም ስጠው› ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። ጠዋት ሲወጣ አላየሁትም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ በር የገባ የወጣ ሰው፣ ስጦታ ተሰጥቶት ይገድላል? እሱ ራሱ ገደልኩ ካለ ግን እኔ ምን ልበል? ማንን ልመን?»

ወደ ውስጥ ሲመለሱ አሥር አለቃው «ይኸው ምክንያቱም ተገኘ» አለ። «ማሽኑን ቶሎ ለመውሰድ ነው።»

«የተሰጠውን?»

መርማሪዋ የዕቃ ቤቱን በር ከፈተች።

ሚሊ በእንጨት ክምር ላይ፣ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ረጅም፣ ከሲታ፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን ስለ ሁሉም ነገር «በስንት ሚሊ?» እያለ ስላስቸገረ ሟቹ ያወጣለት ስም ነው፤ ሌላ ስሙን የሚያስታውስ የለም። ከአጠገቡ ውሃው በብርጭቆ እንደተሞላ አለ።

መርማሪዋ አጠገቡ ተቀመጠች። ጠየቀችው፤ ዝም አለ። ደግማ ጠየቀችው፤ ወለሉን አየ። ማስተባበል የሚፈልግ ሰው ዝምታ እንዳልሆነ ገባት። መቀጣት የሚፈልግ ሰው ዝምታ ነው፤ ቅጣቱ ቶሎ ካልመጣ የሚብስበት።

«ዘንጉ ላይ ያሉት ሁለት ቁራጮች ተገለባብጠዋል» አለችው። «ጅማታቸው አይገጥምም።»

ሚሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«አይሆንም» አለ። ድምፁ ሻክሯል። «ጋሼ አይገለብጥም። ከአንድ እንጨት ነው የሚቆረጡት፤ ገና ሳይቆረጡ በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን። ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ በጣቱ ያውቀዋል።»

«ሰምም ተቀብተዋል።»

«ሰም ከተቀባማ አለቀ። ወርዶ ትሪው ላይ ይቀመጣል። ያንን ጥንድ ትናንት ነው ያወረድነው፤ መልሶ የሚሰካበት ምክንያት የለም…» ቆመ። ፊቱ መልሶ ጨለመ። «ምን ያደርጋል አሁን? የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት ገደልከው?»

«ቀዩን ቁልፍ አውጥቼ።»

መርማሪዋ አልተንቀሳቀሰችም። «ንገረኝ።»

«ውስጡ ተቃጥሎ ነበር። ትናንት ፈታሁት። አዲስ እስኪገዛ ሽቦዎቹን ቀጥታ አገናኘሁና አቧራ እንዳይገባ ክዳኑን መለስኩት። ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ግን ባዶ ነው። ሶኬት ሲሰካ ይነሣል፣ ሶኬት ካልተነቀለ አይቆምም። ‹ጋሼ፣ እስክንገዛ አንሥራ› አልኩት፤ እምቢ አለ። ጮህኩበት፣ ጮኸብኝ። ማስኩም አልቆበት ነበር። ግዛ ብሎኝ ረሳሁት። ለዚህ ነው በሻርፕ አፉን የሸፈነው፤ እሱ በዕድሜው ሻርፕ አድርጎ ቶርኖ ነክቶ አያውቅም። ገና ሲገባ ከሚስማሩ ላይ ይሰቅለው ነበር።» የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ። «ሲይዘው እጁን ወደ ቀዩ ዘርግቷል። መዘርጋቱ አይቀርም። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ነው። ደጋግሞ ተጭኖታል። ቀዩ ግን ባዶ ነው። ይታይዎታል? ባዶ ነው።»

«የቁልፉን ነገር ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። እኔና ጋሼ።»

«ቶርኖው ሲነሣ ወዴት ነው የሚዞረው?»

በታሰሩት እጆቹ አሳያት። «ወደ ሠሪው። ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ደረት።»

መርማሪዋ ተነሥታ ብርጭቆውን በእጁ አስያዘችው።

«ጠጣ። አሁን ምንም አልነግርህም። ስምንት ተኩል ላይ ግን እጅህን እፈልገዋለሁ።»

በተባለው ሰዓት ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ቆመዋል። አስከሬኑ ተነሥቷል። ሻርፑን አሥር አለቃው፣ አጠማጠሙን በወረቀት ላይ ስሎ፣ በፌስታል ከትቶታል። የወይራ ቁራጮቹም ከዘንጉ ወርደው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። መኪናው ቀድሞ ደርሶ ውጭ ሞተሩ ይሰማል። ሚሊ በሁለት ፖሊሶች መሀል ነው። ሚስትየው በሩ ላይ ቀርታለች፤ ከዚያ ማለፍ አልፈለገችም።

መርማሪዋ ቁራጮቹን አነሣች። «እነዚህን ዘንጉ ላይ እንደ ቦታቸው የሚሰካልኝ እፈልጋለሁ። አንተ ሞክር።»

አሥር አለቃው ሰካ። «ምን ችግር አለው? ሁለት እንጨት ነው» አለ። ጅማቱ ተቋረጠ።

«እርስዎስ?»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ቁራጮቹን አወረደ፣ አገላብጦ አያቸው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶም አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ በጥንቃቄ ሰካቸው። ጅማቱ ተቋረጠ፤ ጠዋት እንደነበረው።

«ይህ ማንንም አያስከስስም» አለች መርማሪዋ። «አሥር አለቃውም ተሳስቷል። የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት እነዚህን ዘንጉ ላይ የሰካቸው ብዕር ሠሪው አልነበረም። ሚሊም አልነበረም።»

ወደ ሚሊ ዞረች። «አሁን አንተ ስማ። ጋሼህን ማሽን አልገደለውም። ከኋላው የመጣ ሰው ነው በሻርፑ ያነቀው። ሐኪሙ በጠዋቱ አረጋግጧል፤ ለአንተ የነገረህ ግን የለም።»

ሚሊ ያልሰማ ይመስል አፉን ከፍቶ አያት።

«ሊሠራም አልነበረም። ወለሉ ላይ አንዲት ፍቅፋቂ የለችም፤ ጫማው ላይም የለችም። ሻርፑን ለማስክ ብሎ አላደረገውም። ከውጭ እንደገባ ነው የሞተው፣ ሚስማሩ ጋ ሳይደርስ። የገደለው ሰው ሥራ ላይ እያለ ማሽኑ እንደያዘው ለማስመሰል ያለቀ ብዕር ከትሪው አንሥቶ ሰካ፤ ሻርፑን በእጁ ጠመጠመ። ክር እንደሚጠቀልል ሰው ከታች ወደ ላይ ጠመጠመው። ቶርኖው ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚዞረው። ገመዱን እዩት። ሟቹ ማታ እንደጠቀለለው እንደተንጠለጠለ ነው። ይህ ማሽን ዛሬ አልተነሣም። አንተም ዓይንህን ወደ ገመዱ ብትጥል ኖሮ ራስህን ባልከሰስክ። ያየኸው ግን ቀዩን ብቻ ነው።»

«ማሽኑማ ተነሥቷል» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። ድምፁ የተረጋጋ ነው። «በጆሮዬ ሰምቼ፣ በእጄ አጥፍቼዋለሁ።»

«ይኼን ነው የፈለግሁት» አለች። «እንዳጠፉት አሳዩኝ።»

ገመዱን ፈትታ ሶኬቱን ሰካችው። ቶርኖው አጓራ። ወይራው መሽከርከር ጀመረ፤ የተቋረጠው ጅማት በፍጥነቱ ውስጥ ጠፍቶ ወርቃማ ሆነ። ሰውየው ቀረብ ብሎ ቀዩን በመዳፉ መታው። ዘንጉ አልቆመም። ደግሞ መታው። በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ከዚያም በቡጢው። ማሽኑ ይጮሃል። ሁሉም ያያሉ። እሱ መምታቱን አላቋረጠም፤ አሁን የሚመታው ሌላ ነገር ይመስል ነበር።

መርማሪዋ ሶኬቱን ነቀለችው። ጸጥታው ሲመጣ የሚሰማው የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

«ቀዩ ቁልፍ ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማሽኑ ሲዞር ያገኘ ሰው፣ መጀመሪያ ያንን ነው የሚነግረኝ። ‹ብጫነው እምቢ አለኝ› ይለኛል።»

ሚስትየው ከበሩ ላይ «አንተ ነህ?» አለች። «በሩ ሲንቋቋ የሰማሁት አንተ ነህ?»

ሰውየው የቶርኖውን ጠርዝ ይዞ ቆሟል።

«እሱ ነው የጠራኝ፣ እትዬ» አላት። «ትናንት አመሻሽ ላይ ሱቅ መጥቶ ‹ነገ አንድ ሰዓት ና፣ ስለ ቶርኖው የምነግርህ አለ› አለኝ። ሊሰጠኝ መሰለኝ። ፀጉሬን ተስተካከልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ያስተምረኛል ብዬ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። ተከታትለን ገባን። ‹ለሚሊ ሰጥቼዋለሁ› አለኝ። ‹እኔስ?› አልኩት። ‹አንተማ ሱቁ አለህ› አለና ሻርፑን ሊሰቅል ጀርባውን ሰጠኝ።» በአገጩ ወደ ሚሊ ጠቆመ። «ከዚያ ይሄ ‹እኔ ነኝ› ሲል ሰማሁት። ለምን እንደሚለው አላወቅሁም። ግን ዝም አልኩ።»

መርማሪዋ የሚሊን ካቴና ራሷ ፈታችና ለአሥር አለቃው ሰጠችው። አሥር አለቃው ተቀበላት። ፋይሉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ዓይኗን ሳያይ ወደ ባለሱቁ ወንድም ሄደ።

ሚሊ የእጁን አንጓ አላሻሸም። እጁ በራሱ ሄዶ ዘንጉን ፈታ፣ የታችኛውን ቁራጭ አወረደ፣ ሳያየው ገለበጠና መለሰው። ጥቁሩ ጅማት ከላይኛው ተነሥቶ ወደ ታችኛው ፈሰሰ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረው፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ ትከሻው ብቻ እየተነቃነቀ።

ባለሱቁ በካቴናው ውስጥ ሆኖ አንገቱን አስግጎ ወይራውን ተመለከተ። ፖሊሶቹ ሊወስዱት ሲሉ «አንዴ፣ አንዴ ብቻ» ብሎ ለመናቸው። ዓይኑን አጥብቦ፣ ፊቱን እስኪነካው ተጠግቶ አየው። ውጭ መኪናው ጥሩምባ ነፋ።

«ምኑን ነው የለወጥከው?» አለው ሚሊን። «አሁንም አይታየኝም።»